«ይማርህ» የማይበቃው ማስነጠስ

አንድ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን፤ እሱም «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። ሲደግመው እንደግምለታለን። አምስተኛው ላይ ፈገግታ ይመጣል፤ ዐሥረኛው ላይ ሲደርስ ግን መራቂውም ይደክመዋል፣ ተመራቂውም ያፍራል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያብብ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር እንዲህ በተከታታይ የሚያስነጥሱ፣ ዐይናቸው እንባ የሚያዘራ፣ ላንቃቸውን በምላሳቸው ሲያኩ የሚውሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከነዚሁ ወገን ነኝ። ነገሩ በአገራችን የረጋ ስም ያለው አይመስለኝም። አንዱ ጉንፋን ይለዋል፣ ሌላው ብርድ፣ ሌላው ሳይነስ፤ ጠና ያለ እንደሆነም ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። ከተሜው አሁን አሁን «አለርጂ» ማለት ለምዷል። ከጉንፋን የሚለየው ግን በግልጽ ነው፤ ጉንፋን በሳምንት በዐሥር ቀን ሲለቅ ይኸኛው አበባው እስኪረግፍ አብሮ ይከርማል፤ ትኩሳት የለውም፤ በዓመቱም ቀጠሮውን አክብሮ ይመለሳል።

መድኃኒቱን የማይነግርህ ሰው የለም። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎት፤ ሁሉም «ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቢያንስ አይጎዳም» በሚል ማረጋገጫ ይታጀባል። ይህችን ማረጋገጫ ስሰማ በመኖሬ ነው የዚህን በሽታ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርሁት። ያገኘሁት ታሪክ በአመዛኙ የሐኪሞች ሳይሆን የሕመምተኞች ታሪክ ነው፤ ወይም፣ ትክክለኛውን ለመናገር፣ ራሳቸው ያስነጥሱ የነበሩ ሐኪሞች ታሪክ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንታዊ ከሆኑት መካከል የሚጠቀሰው የፋርስ ሰው ነው። ዛሬ ቴህራን ባለችበት አካባቢ፣ ሬይ በምትባል ከተማ የተወለደውና በ925 ግድም ያረፈው ታላቁ ሐኪም አር-ራዚ አንዲት አጭር ድርሳን ጽፏል። የድርሳኗ ርእስ ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ወራት ጽጌረዳ ሲያሸት አፍንጫው የሚያፈስበት ምክንያት። አል-በልኺ እንዲሁ ተራ ሰው አልነበረም፤ ፈላስፋና የምድር ገጽታ ጸሐፊ ነበር። እንግዲህ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ሊቅ ሌላውን ሊቅ «ወቅት እየጠበቀ የሚመጣብህ ይህ ነገር ከአበባ ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ መጻፉ ነው።

ጽጌረዳዋ ግን በሐሰት ሳትከሰስ አልቀረችም። የጽጌረዳ ብናኝ ወፍራምና ተጣባቂ ነው፤ ከአበባ ወደ አበባ የሚወስዱት ነፍሳት እንጂ ነፋስ አይደለም። በነፋስ ተጭኖ ሰው አፍንጫ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የሣር፣ የአንዳንድ ዛፍና የአረም ብናኝ ነው። ጽጌረዳ በምታብብበት ሰሞን ሣሩም ያብባል፤ ዐይን የሚያየው ግን ጽጌረዳዋን ነው። እኛስ ብንሆን? በመስከረም ያስነጠሰ ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው አደይ አበባ ላይ ነው። አደይ አበባ ንብ የሚቀስማት አበባ ናት። ከሥሯ የቆመው፣ ለእንቁጣጣሽ ከቤት የምንጎዘጉዘው ሣር ግን ምስክር ሆኖ እንኳ አይጠራም።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ ታሪኩ የሚከፈተው በመጋቢት 1819 በለንደን ነው። ጆን ቦስቶክ የተባለ ሐኪም በሐኪሞች ማኅበር ፊት ቆሞ የአንድ በሽተኛ ታሪክ አነበበ። በሽተኛው ዕድሜው 46 የሆነ፣ ስሙ በሁለት ፊደላት ብቻ የተጠቆመ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት ልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ፣ በሰኔ ወር ግድም፣ ዐይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ ያስነጥሳል፣ ደረቱ ይጠብባል። ሁለቱ ፊደላት የአንባቢው የራሱ ስም መነሻዎች ነበሩ፤ ቦስቶክ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው።

እኔን የገረመኝ የሞከራቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ነው። ደሙን አስቀድቷል፤ ሆዱን በሚጠርግ መድኃኒት አስጠርጓል፤ ቆዳን የሚያቆስል መድኃኒት ተለጥፎበታል፤ ምግብ ቀንሷል፤ የኪኒን ዛፍ ቅርፊት፣ ብረት፣ ኦፒየም፣ ባዜቃ፣ ዲጂታሊስ ወስዷል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቧል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ «ተፈጥሯዊ» ናቸው እንግዲህ፤ ኦፒየምም ከአበባ ነው የሚገኘው፣ ዲጂታሊስም ቅጠል ነው፣ ባዜቃም ከመሬት ነው የሚወጣው። አንዳቸውም አልረዱትም። የረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራምስጌት በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ገደል ላይ ባለ ቤት መክረም። ምክንያቱን አላወቀም። የበጋው ሙቀት ነው የሚያሳምመኝ ብሎ ያምን ነበርና እረፍቱን ያገኘሁት ከሙቀት በመሸሼ ነው አለ። ከባሕር የሚመጣ ነፋስ የሣር ብናኝ እንደማይጭን ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። በዘመኑ የነበረው ተራ ሰው ግን በሽታው ከታጨደ ትኩስ ድርቆሽ ሽታ ነው የሚመጣው ይል ነበር፤ «የድርቆሽ ትኩሳት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቦስቶክ ይህን እንደ አሉባልታ ቆጥሮ አጣጣለው። ከሁለቱ ወደ እውነቱ የቀረበው ባላገሩ ነበር።

ቦስቶክ እንደሱ የሚሠቃዩ ሰዎችን ሲፈልግ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። በ1828 ሁለተኛ ጽሑፉን ሲያቀርብ የሰበሰበው 28 ሰው ብቻ ነበር። ሁሉም ከመካከለኛውና ከላይኛው መደብ የሆኑ ናቸው፤ በድኻ ላይ የታየ አንድም አስተማማኝ ሁኔታ አላገኘሁም ብሏል። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ነገሩን ከሥሩ የመዘዘው የማንቸስተሩ ቻርልስ ብላክሊ ነው። ብላክሊ የሆሚዮፓቲ ሐኪም ነበር፤ ዘመናዊው ሕክምና እስከ ዛሬ በጥርጣሬ የሚያየውን ትምህርት የተከተለ ሰው፣ በዘመኑ ከነበሩት ሐኪሞች ሁሉ በላቀ ጥንቃቄ ሙከራ ማካሄዱ ከታሪክ ቀልዶች አንዱ ነው እላለሁ። እሱም በየበጋው ያስነጥሳል። ከ1859 ጀምሮ የሚጠረጠረውን ሁሉ እየለየ በራሱ ላይ ሞከረ፤ ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ አቧራን፣ ሽታን፣ በመጨረሻም የአበባ ብናኝን። ብናኙን በአፍንጫው ሳበው፤ በዐይኑ ላይ አደረገው፤ ክንዱን ፋቅ አድርጎ እርጥብ ብናኝ አሰረበት። ቆዳው አበጠ፣ አሳከከው። ዛሬ በሆስፒታል ለአለርጂ ምርመራ ክንዱን የሚጫር ሰው ሁሉ የብላክሊን ሙከራ ነው የሚደግመው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረው። በከተማ መካከል የሚኖር፣ ሣር እንኳ በቅጡ የማያይ ሰው ለምን ያስነጥሳል? ብላክሊ ጠፍጣፋ የመስተዋት ቁራጮችን በሚያጣብቅ ፈሳሽ ቀብቶ ለነፋስ አጋለጣቸው፤ ከዚያም በየዕለቱ የተጣበቀባቸውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ቆጠረ። ቁጥሩ ሲጨምር የራሱም ሕመም እንደሚጨምር በመዝገቡ ጻፈ። ይህም አልበቃውም። በክር ተይዞ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት ላይ መስተዋቶቹን አስሮ ከአንድ ሺህ ጫማ በላይ ወደ ሰማይ ላከ። ከላይ የወረደው መስተዋት ከመሬቱ ይልቅ በብናኝ ተሸፍኖ ተገኘ። አየሩ ራሱ እርሻ ነው ማለት ነው፤ ከሩቅ የመጣው ብናኝ ከከተማው ጣሪያ በላይ ያልፋል። ሥራውን በ1873 በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ቻርልስ ዳርዊን አንብቦ ደብዳቤ ጽፎለታል።

ከመድኃኒት በፊት ያለው የመጀመሪያው «ተፈጥሯዊ ዘዴ» የተወለደው ከዚህ ነው፤ ብናኙን መሸሽ። ከሜዳ ሲመለሱ ፊትንና ጸጉርን መታጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ነፋስ በሚበዛበት ሰዓት መስኮት መዝጋት፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን። እናቶቻችን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፍንጫቸውን ሲከልሉ ማንም ሳይንስ አላስተማራቸውም። በኮቪድ ዘመን፣ በ2020፣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ነርሶችን ጠይቀው ነበር፤ የወቅት አለርጂ ካለባቸው መካከል ብዙዎቹ ማስክ ባደረጉበት ጊዜ ማስነጠሳቸው ቀለል እንዳለላቸው ተናግረዋል።

መሸሽ በአሜሪካ ደግሞ የንግድ ሥራ ሆኖ ነበር። የሃርቫርዱ ሐኪም ሞሪል ዋይማን በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን ሕመም ከራግዊድ አረም ጋር አያያዘ። ሕመሙ በነሐሴ ማብቂያ ይጀምረዋል፤ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ወዳሉት ነጭ ተራሮች ሲወጣ ይተወዋል። ለማረጋገጥ ብሎ ከቤቱ አካባቢ የቀጠፈውን ራግዊድ አሽጎ ወደ ተራራው ወሰደና እዚያ ከፍቶ አሸተተው፤ አስነጠሰ። ሀብታሞች ይህን ሲሰሙ በየዓመቱ ወደ ተራራው ይጎርፉ ጀመር። ሆቴሎች ተሠሩ። በ1874 ቤተልሔም በምትባል የተራራ ከተማ የአስነጣሾች ማኅበር ተቋቋመ፤ አባላቱም በበሽታቸው ይኮሩ ነበር ይባላል፤ የተማረና ጭንቅላቱን የሚያሠራ ሰው ሕመም ነውና! በነገራችን ላይ የራግዊድ ዘመድ የሆነ አንድ መጤ አረም ባለፉት ዐርባ ዓመታት አገራችንን ወርሯል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ነው፤ በወሎ ቅንጨ አረም ይሉታል። ማሳ ከማጥፋቱ ሌላ ቆዳ የሚያሳክክና አፍንጫ የሚቆጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ማኅበር የሚያቋቁምለት ሀብታም ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ተውኋት ነገር ልመለስ። ቦስቶክ ድኻ በሽተኛ አጣ። ብላክሊም ከሁሉ በላይ ብናኝ የሚጠግበው ገበሬ መሆኑን፣ ነገር ግን ገበሬ እምብዛም እንደማይታመም አይቶ ተደንቋል፤ ምናልባት ዘወትር ከብናኙ ጋር መኖራቸው ሰውነታቸውን አላምዶት ይሆናል ብሎ ገመተ። ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይመለስ ቆየ። በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1958 በአንድ የመጋቢት ሳምንት ስለተወለዱ 17,414 እንግሊዛውያን መዝገብ መርምሮ አንድ ቀላል ነገር አገኘ። ታላላቅ ወንድምና እኅት የበዛለት ልጅ በድርቆሽ ትኩሳት የመያዙ ዕድል ያነሰ ነው። ምክንያቱ፣ ስትራካን እንዳሰበው፣ በልጅነት ከታላላቆች የሚተላለፈው ተራ ልክፍት ሊሆን ይችላል። ጭቃ ያልነካው፣ ያልቆሸሸ፣ ያልተላከፈ ሰውነት ጠላት ሲያጣ ከአበባ ብናኝ ጋር ይጣላል እንደማለት ነው። አሳቡ ኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዋናው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

ጥያቄው ወደ አገራችን የመጣውም በዚህ በኩል ነው። በ1990ዎቹ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ሐኪሞች በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ስለ አስምና ስለ ትንፋሽ ሲር ሲር ማለት ጠየቁ፤ ውጤቱም በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። አስም በከተማው ካለው ይልቅ በገጠሩ ያነሰ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ጅማ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። መንጠቆ ትል የሚባለውና በባዶ እግር የሚሄድን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ትንፋሻቸው ሲር የማለቱ ነገር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትሉ በሰው ሆድ ውስጥ ሳይባረር ለመኖር ሲል የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል የሚል አሳብ በረታ። የኖቲንግሃሙ ተመራማሪ ዴቪድ ፕሪቻርድ በ2004 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የትሉን እጭ በገዛ ክንዱ ላይ አኖረ፤ ደኅንነቱን ለማሳየት። ከዚህ የበለጠ «ተፈጥሯዊ ሕክምና» ከወዴት ይመጣል? ነገር ግን ነገሩ በአስም በሽተኞች ላይ በሥርዓት ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ሲወጣ ትል የወሰዱት ካልወሰዱት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳዩም። የገጠሩ ሕፃን ደሙን ለትል የሚገብረው በምርጫው አይደለም፤ የደም ማነሱን ዋጋ ማንም አላስላለትም። ስለዚህ «ድሮ አለርጂ አልነበረም፣ ሰው ጤነኛ ነበር» የሚለውን የሽማግሌ ወግ ስሰማ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ።

እስቲ ደግሞ ወደ ጓዳችን እንግባ። ማር ከሁሉ በፊት ይጠቀሳል። የአካባቢህን ማር ብትበላ የአካባቢህን ብናኝ ትለማመዳለህ ይባላል፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። በአሜሪካ ኮነቲከት 36 ሕመምተኞች በሦስት ተከፍለው አንዱ ወገን ያልተነጠረ የአካባቢ ማር፣ ሁለተኛው የተነጠረ ማር፣ ሦስተኛው የማር ጣዕም የተጨመረበት ሽሮፕ ተሰጣቸው። በ2002 የታተመው ውጤት በሦስቱ መካከል ልዩነት አላሳየም። ቢያስቡት አያስገርምም። ንብ የምትቀስመው ባለቀለሙን አበባ ነው፤ እኛን የሚያስነጥሰን የሣር ብናኝ ነው። ማሩን ለጣዕሙ እንብላው።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት የአያት የቅድመ አያት መድኃኒት ነው ይባላል። ባሕር ዛፍ ግን የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባን የሸፈናት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ውስጥ ከመጣ ወዲህ ነው። ስለዚህ ይህ «ጥንታዊ» ሕክምናችን ከብላክሊ መጽሐፍ በዕድሜ ያንሳል! እንፋሎቱ አፍንጫ የተከፈተ እንዲመስል ያደርጋል፣ ለጊዜውም ደስ ይላል። ሆኖም ብርድ ልብስ ተከናንቦ በፈላ ድስት ላይ መታጠን ስንቱን ልጅ እንዳቃጠለ በየሆስፒታሉ የቃጠሎ ክፍል የሚሠሩ ያውቃሉ። ጥቁር አዝሙድ ከዚህ የተሻለ ምስክር አለው፤ በኢራን በተደረጉ አነስተኛ ሙከራዎች የአፍንጫ አለርጂን ቀለል ሲያደርግ ታይቷል። አነስተኛ መሆናቸውን ግን አልደብቅም።

እኔ የቆምሁት ከጨው ውኃው ዘንድ ነው። ሕንዶች አፍንጫን በጨዋማ ውኃ ማጠብን ከዮጋቸው ጋር አያይዘው ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። አሠራሩ ምሥጢር የለውም፤ የገባውን ብናኝ ሳይቆይ ማውጣት ነው። በ2018 የወጣ የኮክሬን ግምገማ፣ ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ የአለርጂን ሕመም ሊያቀል ይችላል ብሏል። ለአንድ ብርጭቆ ውኃ ከሩብ እስከ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። አንድ ነገር ግን የግድ ነው፤ ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች ያልፈላ የቧንቧ ውኃ በአፍንጫቸው አፍስሰው፣ ውኃው ውስጥ የነበረች በዐይን የማትታይ አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎላቸው ገብታ ገድላቸዋለች። ያንኑ ውኃ ቢጠጡት ኖሮ አሜባዋ ምንም ባላደረገቻቸው።

«ተፈጥሯዊ አይጎዳም» ለሚለው ሌላ ሁለት ምስክር ልጥራ። ቻይናውያን ማ ሁዋንግ የሚሉት ኤፌድራ የተባለ ቁጥቋጦ አለ፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ከጥንት ጀምሮ ሲቀቅሉት ኖረዋል። ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ በ1885 ውስጡ ያለውን ቅመም ለየ፤ በ1924 ቤጂንግ ላይ ቼንና ሽሚት ኃይሉን ለዓለም አስተዋወቁ፤ ኤፌድሪን ይባላል። የተደፈነ አፍንጫ ይከፍታል፣ የጠበበ ደረት ያሰፋል። ልብንም ያስመታል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ተክሉ እንደ ተፈጥሮ ቅመም በየሱቁ ሲቸበቸብ ቆይቶ ሰዎች በልብና በአንጎል አደጋ ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በ2004 ከገበያ አገደው። ሁለተኛው ምስክር በተርበር የሚባለው የአውሮፓ ቅጠል ነው። በ2002 በስዊዘርላንድ የተደረገ ሙከራ ሴቲሪዚን ከተባለው የታወቀ የአለርጂ ክኒን ጋር አወዳድሮት የሚተካከል ሆኖ አግኝቶታል። ኋላ ግን ተክሉ ጉበት የሚጎዳ መርዝ እንዳለበት፣ መርዙ ያልተለየለትም በፍጹም መወሰድ እንደሌለበት ተነገረ። በእውነት የሚሠራ ቅጠል ጎጂም መሆን የሚችል ቅጠል ነው።

መጨረሻ ያስቀመጥሁት የምወደውን ታሪክ ነው። በግብፅ ኸላ የሚባል፣ ነጭ ጃንጥላ የመሰለ አበባ ያለው ተክል አለ። ግብፃውያን ዘሩን አፍልተው ለኩላሊት ጠጠር ይጠጡታል። በ1940ዎቹ በካይሮ ያስተምር የነበረው፣ ትውልዱ ሩስያዊ የሆነው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሌብ አንሬፕ አንድ ነገር አስተዋለ። የደረት ውጋት የነበረበት አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ለኩላሊቱ ብሎ ኸላ ሲጠጣ ውጋቱ ለቀቀው። አንሬፕና ባልደረቦቹ የኸላ ቅመም የሆነው ኬሊን የልብ ደም ሥሮችን እንደሚያሰፋ አሳዩ፤ ለአስምም ተሞከረ። ረድቷል፤ ነገር ግን ሰዉን ያቅለሸልሸዋል። በእንግሊዝ ቤንገርስ የተባለ ኩባንያ የማያቅለሸልሽ ዘመድ እንሥራለት ብሎ ተነሣ።

እዚያ ተቀጥሮ የመጣው ሮጀር አልቱንያን ነው። በ1922 ሶርያ ውስጥ ተወለደ፤ አያቱ በአሌፖ የታወቀ ሆስፒታል ያቋቋሙ አርመናዊ ሐኪም ናቸው፤ እናቱ እንግሊዛዊት። በልጅነቱ አርተር ራንሰም በ1930 ባሳተመው የልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ላለው ሮጀር መነሻ ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ነበር፤ ከዚያ ሐኪም ሆኖ በአያቱ ሆስፒታል ሠራ፤ በ1956 የስዊዝ ጦርነት ጊዜ ሶርያን ለቆ ወጣ። አስም ነበረበት።

ኩባንያው የሚያመርታቸው ቅመሞች የሚፈተኑት በእንስሳት ላይ ነበር። አልቱንያን በዚህ አላመነም፤ የጊኒ ፒግ በሽታና የሰው በሽታ አንድ አይደለም አለ። ራሱ ጊኒ ፒግ ሲነካ ያስነሣበት ነበርና የእንስሳውን ጸጉርና ፎረፎር በጥብጦ እየሳበ በገዛ እጁ አስሙን ያስነሣል፤ አስቀድሞ ግን አዲሱን ቅመም ይወስዳል፤ ከዚያ በማሽን ትንፋሹን ይለካል። ይህን ለዓመታት፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ አደረገ። አንዱ ቅመም ይረዳል፣ ሌላው አይረዳም፣ ሌላው ያቃጥላል። በጥር 1965 የደረሱበት ቅመም ክሮሞግሊኬት ተባለ። የሚደንቀው፣ ይህ ቅመም የጠበበ ደረት የማስፋት ኃይል የለውም፤ አስሙ ከተነሣ በኋላ ቢወስዱት ዋጋ የለውም። አስቀድሞ የተወሰደ እንደሆነ ግን ሰውነት ብናኙን አይቶ እንዳይቆጣ፣ ሂስታሚን የተባለውን አስነጣሽ ቅመም እንዳይረጭ ይይዘዋል። በእንስሳ ላይ ብቻ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ «አይሠራም» ተብሎ በተጣለ ነበር። ዱቄቱን ወደ ሳንባ የሚያስገባውን መሣሪያም አልቱንያን ከአውሮፕላን ትምህርቱ ቀድቶ ሠራው፤ በውስጡ ትንሽ ፕሮፔለር ይሽከረከራል።

ያው ቅመም በአፍንጫ የሚረጭና በዐይን የሚጨመር ሆኖ ለወቅቱ አለርጂ ዋለ። ዛሬ ከሱ የበረቱ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት በአፍንጫ የሚረጨውን ስቴሮይድ ነው። ክሮሞግሊኬት በቀን ብዙ ጊዜ መረጨት ይፈልጋል፤ ወቅቱ ሳይገባ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊትም መጀመር አለበት። ለእኛ ነሐሴ ማጋመሻ ላይ ማለት ነው፤ ሣሩ ገና ዘለላ ሳያወጣ። ጉዳቱ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለሕፃናት ሳይቀር ይታዘዛል። ማስነጠሱ ወደ ደረት የወረደበት፣ ትንፋሹ ሲር የሚልበት ሰው ደግሞ ወደ ሐኪም ይሂድ እንጂ በማንኛውም ቅጠል አይዘግይ።

አልቱንያን በ1987 አረፈ፤ አስሙ ከነበረበት አልጠፋም ነበር። ኸላም እዚያው ግብፅ ውስጥ ይበቅላል። የደረቀው አበባው ጃንጥላ ዘንጎች ቀጭንና ጠንካራ ናቸው፤ ሰዎች አንድ አንዱን እየነቀሉ ከምሳ በኋላ ስቴኪኒ ያደርጓቸዋል።